በክፍልፋይ የተከሰስኩ ለት

ሰው በብዙ ነገር ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። በድንበር ይቀርባል፣ በጋብቻ ይቀርባል፣ የሰው ማሳ በገባች ጥጃ ይቀርባል። እኔ የቀረብኩት በክፍልፋይ ነው። አዎ፣ በዚያ ላዕልና ታህት ባለው፣ መሐሉ ላይ መስመር በተሰመረበት የሂሳብ ክፍልፋይ። እስከማውቀው ድረስ በጉራጌ ምድር በዚህ ጉዳይ ተከስሶ ዋስ ጥራ የተባለ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም። ካለም ይምጣና እንተዋወቅ፤ ብዙ የምንጫወተው ይኖረናል።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ወልቂጤ ከተማ ዳር፣ ወደ ጉብሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል ሂሳብ አስተማሪ ነኝ። የትምህርት ቤቱን ስም አልነግራችሁም። ርዕሰ መምህራችን አቶ ሸምሱ የትምህርት ቤታቸው ስም ባልሆነ ቦታ ከተነሳ ደም ግፊታቸው ይጨምራል፤ ደግ ሰው ስለሆኑ ደግሞ እንዲታመሙብኝ አልፈልግም።

አምና ኅዳር ላይ አዲስ ሱፐርቫይዘር ተመደበችልን። ሰናይት ትባላለች። ወጣት ናት፣ ቀጭን ናት፣ ከራሷ የሚከብድ ቦርሳ አላት። ቦርሳዋ ውስጥ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንድ ላይ የሚፈተኑት የሂሳብ ፈተና ነበር። ከዚያ በፊት እኛ የምናውቀው ፈተና አስተማሪው ራሱ አውጥቶ፣ ራሱ አርሞ፣ ባገኘው ውጤት ራሱን የሚያመሰግንበት ነው። እኔም በዚህ ዘዴ ለዓመታት ጎበዝ አስተማሪ ሆኜ ኖሬያለሁ።

ሰናይት ግን ተማሪው ስንት አመጣ ብላ አታልፍም። የትኛውን ጥያቄ ሳተ፣ ለምን ሳተ፣ እናንተስ ምን አደረጋችሁ ነው የምትለው። «ይመስለኛል» ብላችሁ ከጀመራችሁ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና ዓረፍተ ነገሩን እስክትተዉት ድረስ ዝም ብላ ታያችኋለች። ተጠያቂነት የሚለው ቃል ደግሞ ከአፏ አይጠፋም፤ የእኛ ቤት ወጥ ውስጥ ጨው የሚገባውን ያህል በንግግሯ ውስጥ ይገባል። ጥር ላይ ውጤቱ ሲጠናቀቅ፣ በየክፍሉ ተለይቶ ለወላጆች በግልጽ ይቀርባል ብላ ወሰነች።

አቅራቢው እኔ ሆንኩ። ምክንያቱም አንድ ጊዜ የአቶ ሸምሱ ፕሪንተር ውስጥ የተሰነቀረ ወረቀት ስቤ ስላወጣሁ በትምህርት ቤታችን የመረጃ ሊቅ ተብዬ ነበር። ያው ፕሪንተር የዚያን ሳምንት ጨርሶ እንቢ ስላለ ግራፉን በፍሊፕ ቻርት ላይ በእጄ መሳል ነበረብኝ። በሰማያዊ ማርከር የእያንዳንዱን ክፍል ውጤት እንደ ምሰሶ ጎን ለጎን እያቆምኩ ሄድኩ። አምስተኛ ሀ፣ አምስተኛ ለ፣ ስድስተኛ ሀ። የራሴ ክፍል፣ ስድስተኛ ለ፣ ላይ ስደርስ ማርከሩ ደረቀ። ብተነፍስበትም፣ ባራግፈውም፣ ጫፉን በምራቄ ባረጥበውም አልተመለሰም። የቀረኝ ቀይ ብቻ ነበር። ስለዚህ የሰማያዊዎቹ ረድፍ ጫፍ ላይ፣ ከሁሉም አጥሮ፣ ቁጢጥ ያለ ቀይ ነገር ተሳለ።

አቶ ሸምሱ መጥተው አዩት።

«ለምንድን ነው ቀይ ያደረግከው?»

«ሰማያዊው አልቆ ነው።»

«በል ተወው፣ ያደምቀዋል» አሉኝ።

አደመቀው። በስብሰባው ላይ ስለ አማካይ ውጤት፣ ስለ ጥያቄ ትንተናና ስለ ቀጣይ ዕቅድ ከትንፋሼ ጋር እየተሽቀዳደምኩ ተናገርኩ። ወላጆቹ ግን አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። ቀዩን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ መልሰው ቀዩን ያያሉ። ሲወጡ አንዲት እናት እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «አይዞህ፣ እግዚአብሔር አለ» አሉኝ። ለቅሶ ቤት የተቀመጥኩ ነበር የመሰለኝ። እኔ ግን መልእክቱ በሚገባ ገብቷቸዋል ብዬ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ወደ አመሻሽ ላይ በራችን ተንኳኳ። የመጡት ሀጂ ሙዘይንና አቶ ወልዴ ናቸው። ሀጂ ሙዘይን የእህል ነጋዴ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ሀያት ስድስተኛ ለ ትማራለች። አቶ ወልዴ ደግሞ በአካባቢያችን የተጣላ ሁሉ የሚዳኘው በእሳቸው ነው፤ ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ ወንድማማች አስታርቀዋል፣ አንድ ጊዜ ሁለት የዕቃ መጫኛ አህዮችን አስታርቀዋል ይባላል። እነዚህ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ያየ ሰው ልቡ ድንግጥ ይላል።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ ሀጂ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ይግቡ ሀጂ። አቶ ወልዴ፣ ይግቡ።»

ተቀመጡ። ስለ ብርዱ ተጫወትን። ስለ እንሰቱ በሽታ ተጫወትን። አቶ ወልዴ አንዲት ላማቸው ስላመጣችው አዲስ ጠባይ በሰፊው አስረዱን። ባለቤቴ ሻይ ደግማ ቀዳች። ከዚያ ሀጂ ሙዘይን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መምህር፣ ሳትደብቅ ንገረን። ከማን ጋር ነው የተጣላኸው?»

«እኔ? ከማንም ጋር አልተጣላሁም።»

«እንዴት አልተጣላሁም ትላለህ? ሌላው ሰው ሁሉ በሰማያዊ ተጽፎ አንተን ብቻ በቀይ ጽፈው ሰው ፊት አቁመውሃል። እኛ ልጃችን በቀይ ሲጻፍ አይተን ዝም አንልም። ያጣላህ ሰው ካለ እንሄዳለን፣ እግሩ ላይ እንወድቃለን፣ እናስታርቃለን።»

የሠራሁትን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና በነጠላዋ አፏን አፍና ትስቅ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ በመጋረጃው በኩል ይታየኛል። ቀዩን የጻፍኩት ራሴ እንደሆንኩ፣ ማርከሩ ደርቆብኝ እንደሆነ ማልኩላቸው። ከዚያም ከወንበር ተነስቼ ፈተናው ምን እንደሆነ፣ የቀዩ ማጠር ምን ማለት እንደሆነ በእጄ ከፍና ዝቅ እያልኩ አስረዳሁ። ሳስረዳ ጎበዝ ነኝ፤ በመጨረሻ በደንብ ገባቸው። እንዲገባቸው ማድረጌን ግን ወዲያው ተጸጸትኩበት።

ሀጂ ሙዘይን ብርጭቆውን አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ርኅራኄ ቀስ እያለ ሄደ።

«እንግዲህ የተጣላኸው ከመንግሥት ጋር አይደለማ» አሉ። «ከልጆቹ ጋር ነው።»

አቶ ወልዴ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ልጆቹን ነው የበደለው።»

ወደ ጓዳ አየሁ። ባለቤቴ መሳቋን አቁማ ነበር።

ከዚያ ሀጂ ሙዘይን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሀያትን ነገር ነገሩኝ። አባቷ ቆርጧል። ዘንድሮ የስድስተኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና ካላለፈች፣ ለመስቀል አክስቷ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ይዛት ትሄዳለች፤ መርካቶ ባለው የአክስቷ ሱቅ ልብስ ታጥፋለች። አክስቷም ደስ ብሏት መኪናው ውስጥ በመስኮት በኩል ያለውን ቦታ ከአሁኑ ይዛላታለች።

«መርካቶን አልጠላም» አሉ ሀጂ። «እኔም ጎልማሳነቴን እዚያው ነው የፈጀሁት፤ አልሐምዱሊላህ፣ አብልቶኛል። ግን ይቺ ልጅ መማር ትወዳለች። ሌሊት ሌሊት በሕልሟ ሳይቀር ስታነብ ትሰማለች። ያንን ቀይ ነገር ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

ስለዚህ ጉዳዩ በሽማግሌ እንዲታይ ተወሰነ። ከሳሽ የስድስተኛ ለ ተማሪዎች፣ ተከሳሽ እኔ። ይግባኝ የሚባል ነገር አልተጠቀሰልኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ካለው ትልቅ ዝግባ ሥር ተሰበሰብን። አቶ ሸምሱ «እኔ በዚህ ነገር የለሁበትም» ብለውኝ ነበር፤ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ጥላው ያለበትን ቦታ ይዘዋል። ፍሊፕ ቻርቱ ዛፉ ላይ ተሰቅሏል። ወላጆች በሣሩ ላይ በየፊናቸው ተቀምጠዋል። ተማሪዎቼ ፊት ለፊት ናቸው፤ አስተማሪ ሲከሰስ ማየት እንዲህ ደስታ እንደሚሰጥ አላውቅም ነበር። በሥርዓት ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን አጣምረው ነው የሚጠብቁኝ። እኔ ለዓመታት እንዲህ ተቀመጡ ብዬ ጮሄ አንድ ቀን አልሰሙኝም።

ሀጂ ሙዘይን ዱዓ አደረጉ፣ አቶ ወልዴ መረቁ። አሜን አልን። ከዚያ አቶ ወልዴ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉና «ተከሳሽ ዋስ ጥራ!» አሉ።

የሀገራችን ወግ ነው። ዋስ ያልጠራ ሰው አይከራከርም፤ ፍርዱን ላለመሸሹ ሌላ ሰው ከኋላው ሊቆምለት ይገባል። ወደ አቶ ሸምሱ ዞርኩ። አቶ ሸምሱ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ። ያደረጉት ሸበጥ ነው። ወደ ስድስተኛ ሀ አስተማሪ ዞርኩ፤ ክፍሉ ረዥም ሰማያዊ ሆኖለት ሊቅ የተባለው ጓደኛዬ ሰማዩን ያጠናል። ልክ በዚያ ሰዓት አንዲት ባጃጅ በሩ ላይ ቆመች፤ ሰናይት ቦርሳዋን እየጎተተች፣ አቧራዋን እያራገፈች ወረደች። የስብሰባውን ወሬ ሰምታ ነው የመጣችው።

«እሷ!» አልኩ በጣቴ እያሳየሁ።

«ልጄ፣ ለዚህ መምህር ዋስ ትሆኚዋለሽ?» አሏት አቶ ወልዴ።

ሰናይት ሕዝቡን አየች፣ ቻርቱን አየች፣ ዓይኗ በራ። የማኅበረሰብ ተሳትፎ መሰላት። «በደስታ!» አለች።

«ዋስ የሆነ ሰው ፍርዱ እስኪፈጸም ድረስ አብሮ ተጠያቂ ነው። ታውቂያለሽ?»

በራሷ ቃል እንዴት እምቢ ትበል? ቦርሳዋን አስቀምጣ ከኋላዬ ቆመች። «ምን ውስጥ ነው ያስገባኸኝ?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። ቆይተሽ ታያለሽ አልኳት።

ክርክሩ ተጀመረ። አንድ ወላጅ ተነስቶ «መምህሩ ልጆቻችንን አላስተማረም» አለ። አቶ ወልዴ በትራቸውን አንስተው አስቆሙት። «በደል በጅምላ አይቀርብም። ምኑን ነው ያላስተማረው? ለይታችሁ ንገሩን።»

ሰናይት ይህን ጥያቄ ትምህርት ቤቶችን ሁሉ እየዞረች ስትጠይቅ ኖራ፣ አንድ ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ሲጠይቁት ስትሰማ እንባዋ ሊመጣ ነበር። ወረቀቷን አወጣች። «አባቴ፣ እነዚህ ልጆች መደመርም መቀነስም ማባዛትም ያውቃሉ። በዚያስ ከሌሎቹ አያንሱም። ያወደቃቸው ክፍልፋይ ነው። የክፍልፋይ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ሁሉም አንድ ላይ ይወድቃሉ።»

«ጥሩ» አሉ አቶ ወልዴ። «መምህር፣ ክፍልፋይን መቼ ነው ያስተማርካቸው?»

ይህን ጥያቄ በጉጉት ስጠብቀው ነበር። ደረቴን ነፋሁ። «ከመስቀል ማግስት ጀምሬ ነዋ! በዓመታዊ ዕቅዱ መሠረት፣ አንድም ቀን ሳላዛንፍ!»

ግቢው ጸጥ አለ።

የእኛን አገር የማያውቅ አንባቢ ካለ ይህ ጸጥታ አይገባውምና ልንገረው። ለመስቀል ጉራጌ አገሩ ይገባል። ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ከጅማ ይመጣል፣ ከየትም ይመጣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የየራሱን አርዶ፣ ዘመድ ከዘመድ ቤት ለቤት እየተጠራራ የሚሰነብትበት ጊዜ ነው። ከተማው ባዶ ይሆናል። ልጆቹም ከወላጆቻቸው ጋር ወደየመንደሩ ይሄዳሉ፣ ሲመለሱም እንግዳ ቆይቷልና ቆይተው ነው። እኔ ራሴ አገሬ ገብቼ፣ ክትፎ በልቼ፣ ቅቤው ከጺሜ ሳይለቅ፣ ዕቅድ አክባሪ ነኝና በቀኑ ተመልሼ ነበር። ወንበሩ ባዶ መሆኑን አይቻለሁ። ግን ዕቅዱ ላይ ክፍልፋይ ይላል፣ እኔም ክፍልፋይ አልኩ። በዚያ ሰሞን ለራሴ ያለኝ አክብሮት ከፍተኛ ነበር።

«ማንን አስተማርክ?» አሉኝ አቶ ወልዴ ለስለስ ብለው።

«ክፍሉን።»

«ክፍሉ ውስጥ ማን ነበረ?»

«ጥቂት ልጆች…» አልኩ። ደረቴ እየሟሸሸ ነው። «የተቀሩት ወንበሮች ናቸው።»

ሳቅ ሆነ። ሀጂ ሙዘይን ግን አልሳቁም፤ ወንበራቸው ላይ ወደ ፊት ጠጋ ብለው «ሀያት፣ ተነሺ» አሉ። «መምህርሽ ክፍልፋይ ሲያስተምር የት ነበርሽ?»

ሀያት ተነሳች። አያቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ጫማዋን አየች።

«እውነቱን ተናገሪ፣ አትፍሪ።»

«አባባ ጋ ነበርኩ» አለች ወደ አያቷ እየጠቆመች። «ከጉብሬ ወዲያ፣ መንደር። ልመለስ ስል አባባ እንግዶቹ ሳይሄዱ የትም አትሄጂም አለኝ። ከዚያ እንግዶቹ አልሄዱም።»

ሌላው ልጅ ተነሳ፤ እሱም አያቱ ጋ ነበር። ሌላዋም ተነሳች፤ እናቷ ለእንግዳ መስተንግዶ አስቀርታታለች። አንዱ ልጅ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ከአጎቱ ጋር ዘመድ ሲጠይቅ እንደከረመ፣ ያየውን ዘመድና የበላውን ዓይነት ጭምር በዝርዝር አስረዳ። ወላጆቹ አንድ በአንድ አንገታቸውን መድፋት ጀመሩ።

ሀጂ ሙዘይን ከሽማግሌ ወንበር ተነሱ። ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ ሣሩን አቋርጠው መጡ፣ ከጎኔ ቆሙ።

«በራሴ ጉዳይ አልፈርድም» አሉ ጮክ ብለው። «ልጅቷን ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ወላሂ፣ እንቅልፍ ያጣሁበትን ሰው ሳገኘው ራሴ ሆኜ አረፍኩት።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን በደንብ ልንገራችሁ። ሰው ብቻውን ሲወቀስ ቆይቶ ከጎኑ ሌላ ሰው ሲቆምለት፣ ያውም ሊፈርድበት የተቀመጠው ሰው፣ የደበቀውን ሁሉ መናገር ያምረዋል። ላመሰግናቸው ዞርኩ። ሀጂ ግን ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ትንሽ ጠጋ በልልኝ፣ ፀሐይዋ እኔ ላይ ናት» አሉኝ፤ ጠጋ አልኩላቸው።

እሳቸው እንዲህ ካደረጉ እኔ ምን ቀረኝ? ልጆቹ ከመጡ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሼ አለማስተማሬን ተናገርኩ፤ ዕቅዱ ወደ አስርዮሽ ቁጥር ተሻግሮ ነበርና እኔም ተከትዬው ተሻግሬአለሁ። ከኋላዬ ሰናይት ወደ ፊት ወጣች። «ዕቅዱን ለሁሉም ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት አድርገን የላክነው እኛ ነን» አለች። «መስቀልን ማንም አላሰበውም። እኔም አላሰብኩም።» እሷም ከሀጂ ጎን ተሰለፈች። አቶ ሸምሱ የሸበጣቸውን ክር አስረው ጨርሰው ኖሮ መጡና በረድፉ ጫፍ ቆሙ። ወላጆችም መነሳት ጀመሩ። በመጨረሻ ተቀምጠው የቀሩት አቶ ወልዴና ከሳሾቹ ብቻ ሆኑ።

አቶ ወልዴ ረድፉን ከዳር እስከ ዳር አዩት። «እኔም እኮ የልጅ ልጆቼን አስቀርቻለሁ» አሉ። «ግን ሁላችንም ከቆምን ማን ይፈርዳል? እኔ ልቀመጥ፣ በኋላ ተራዬን እቆማለሁ።»

ፈረዱ። ክፍልፋይ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ከሥሩ ይሰጣል። ወላጅ በዚያ ሰዓት ልጁን ገበያም አይልክም፣ እንጨትም አያስለቅምም። ሀጂ ሙዘይን ወላጆቹን ወክለው ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ዋሷም አትቀርም። «ታረቅን ማለት ብቻ አይበቃም» አሉ አቶ ወልዴ። «ልጄ፣ ሌላ ፈተና አውጥተሽ መታረቃቸውን ታሳዪናለሽ።» ሰናይት ቅዳሜዋን ልትሰናበታት ወደ ባጃጇ መንገድ አየች።

እነዚያን ቅዳሜዎች አልረሳቸውም። ሀጂ ሙዘይን በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ ደርሶ ከኋላ ይቀመጣሉ። ልጆቹ አንድ ሦስተኛ ከአንድ አራተኛ ያንሳል ብለው ድርቅ አሉብኝ፤ አራት ከሦስት ይበልጣል፣ ምን ጥርጥር አለው? በሰሌዳ ላይ ክብ ስዬ ብከፍል፣ ወረቀት ብቀድ አልሆነም። በመጨረሻ ሲደክመኝ «ለመስቀል አንድ በሬ አባታችሁ ከሦስት ሰው ጋር ቢካፈለውና አጎታችሁ ከሁለት ሰው ጋር ቢካፈለው፣ የማን ቤት ብዙ ሥጋ ይገባል?» አልኩ።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የአጎታችን!» አለ።

ሀያት እጇን አወጣች፤ «ቲቸር! ሰው ሲበዛ ድርሻ ያንሳል ማለት ነው?» አለች። አዎ አልኳት። ፊቷ ላይ ያየሁትን ብርሃን ለማየት ነበር ለካ አስተማሪ የሆንኩት። ሀጂ ግን ከኋላ ሆነው ጉበቱ ከሥጋው ጋር አይቆጠርም፣ ብቻውን ነው የሚከፈለው ብለው ተከራከሩ፤ ያችን ቅዳሜ የቀረውን ጊዜ በጉበት ጉዳይ አሳለፍነው። ሁላችንም ርቦን ተበተንን።

ሰናይት ደግሞ መጀመሪያ አካባቢ ሰዓቷን ታይ ነበር። ቆይታ እጅ የማያወጡትን ልጆች እየመረጠች አጠገባቸው መቀመጥ ጀመረች። «ስንቱን ነገር ወረቀት ላይ ብቻ ሳየው ነው የኖርኩት» አለችኝ አንድ ቀን። እኔ ደግሞ ወረቀቷ ባይኖር ኖሮ ልጆቹ ሂሳብ አይወዱም እያልኩ ጡረታ እወጣ እንደነበር ነገርኳት። ሁለታችንም ይህን ማለታችን ትንሽ አሳፈረንና ስለ ባጃጅ ዋጋ አወራን።

ሚያዝያ ላይ ሁለተኛው ፈተና ተሰጠ። በዚህኛው ስብሰባ አቶ ሸምሱ አዲስ ማርከር ገዝተው ነበር፤ ሁላችንም ሰማያዊ ሆንን። ስድስተኛ ለ ከሁሉ አልበለጠም፤ መሐል ላይ ቆመ። እኔ እዚያች መሐል ቦታ ላይ የቆመውን ሰማያዊ እንደ ልጄ ነበር የማየው። ሰናይት ግን ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር ላይ አሁንም ደካማ ነን ብላ በወላጆቹ ፊት አስነገረችኝ። እኚያ አይዞህ ያሉኝ እናት ተነሱ። «እና ለዚህ ምን አስበሃል?» አሉኝ። ከዚያ በፊት በስብሰባችን ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከወላጅ ሰምቼ አላውቅም። ሌላውም ተነሳ፣ ሌላውም ጠየቀ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ላብ አስጠመቁኝ። እንዲያ ስጠመቅ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ክልላዊው ፈተና አልፎ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል በራችን ተንኳኳ። ሀጂ ሙዘይን ናቸው፤ ብቻቸውን። ውጤት እንደወጣ ሰምቻለሁ፣ የሀያትን ግን አላየሁም። ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ እንሰቱ አወሩ። የአቶ ወልዴ ላም እንዴት እንደሆነች ነገሩኝ። እኔ ሻዩን ከብርጭቆው ይልቅ ሱሪዬ ላይ ነው የጠጣሁት። ከዚያ «በል ልሂድ» ብለው ተነሱ፣ በሩ ጋ ደረሱ፣ ጫማቸውን አደረጉ።

«ሀያት አልፋለች» አሉኝ።

አቀፍኳቸው። ባለቤቴም ከጓዳ ወጥታ አቀፈቻቸው። ሀጂ በነጭ ጨርቃቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ይሄ ጭሱ ነው አሉ፤ ቤታችን የሚነድ ነገር አልነበረም። ሁሉም ልጅ አላለፈም፤ ያላለፉትን አውቃቸዋለሁ፣ ዘንድሮ ከፊት ወንበር ናቸው።

ዘንድሮ ዕቅዱ ተቀይሮ መጥቷል። ከመስቀል ማግስት የሚሰጠው ክለሳ ነው፤ ክፍልፋይ ልጅ ሁሉ ሲሰበሰብ ይጀመራል። በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ልጆች ከበዓሉ በኋላ እንዳይቆዩ ተነገረ። ከመስቀል በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት ክፍሌ ሞልቶ፣ ከዳር እስከ ዳር ቅቤ ቅቤ ሲሸት አገኘሁት። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልጆቹ እንዳያዩብኝ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

በዚያው ቀን በእረፍት ሰዓት ወደ በሩ ስወጣ ሀጂ ሙዘይን መንገዱ ዳር ቆመዋል። የአክስትየዋ መኪና አዲስ አበባ ልትመለስ ሞተሯን አስነስታለች። ሀያት የሰባተኛ ክፍል ደብተሯን በደረቷ አቅፋ አክስቷን እየሳመች ነው። ደወል ሲደወል አያቷን ጨብጣ፣ እኔን አልፋ ወደ ክፍሏ ሮጠች። አክስቷ ከጥር ጀምሮ ተይዞ የቆየውን በመስኮት በኩል ያለውን ቦታ አየችው፣ ሀጂን አየቻቸው፣ ሳቀች። ሀጂ መሬት ላይ የተቀመጠውን ትልቅ የቆጮ ጥቅል አንስተው እዚያው ቦታ ላይ አስቀመጡት፣ በሩን ዘጉት፣ መኪናውም ሄደ።